ቤት የሚሠራው በበጋ ነው

ሐምሌ በገባ ቁጥር በቴሌቪዥን የምናየው አንድ ዜና አለ። ባለሥልጣናት ቦት ጫማ አጥልቀው የአንዲት አቅመ ደካማ እናትን የዘመመ ቤት ያፈርሳሉ፤ ወጣቶች ጭቃ ያቦካሉ፤ እናቲቱ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ከችግኝ ተከላና ከደም ልገሳ ጋር የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት አካል የሆነው የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ባለፉት ዓመታት ከአዲስ አበባ እስከ ክልል ወረዳዎች ተለምዷል። ዕቅድ ይያዝለታል፤ ክረምቱ ሲያልቅም ሪፖርት ይቀርብበታል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖር ደሀ ገበሬ መንግሥት ስለ ቤቱ የሚያስብበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው። ቤታቸው የታደሰላቸው ሰዎች ከልባቸው ያመሰግናሉ፤ እኔም ሥራውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ወሩን ነው።

የጉናን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ደጋ ቀበሌዎች በክረምት ፀሐይ የሚያዩት አልፎ አልፎ ነው። በዚህ ወር የተመረገ ግድግዳ አይደርቅም። ከውጭ የጠና መስሎ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፤ መስከረም ላይ ይሰነጠቃል። ጭቃው የሚቦካበት ጭድም በሐምሌ የለም፤ የታኅሣሥ ውቂያ ጭድ እስከ ሰኔ ድረስ በበሬና በላም ሆድ ገብቶ አልቋል። ገበሬው እርሻና አረም ላይ ስለሆነ ጉልበት አይገኝም። ከሁሉም በላይ ሐምሌና ነሐሴ ጎታ የሚራቆትባቸው ወሮች ናቸው። ደቦ ለመጥራት ጠላ መጥመቅ፣ እንጀራ መጋገር፣ ሽሮ መሥራት ግድ ነው፤ በሐምሌ ይህን የሚችል ቤት በጋይንትና በስማዳ ጥቂት ነው።

አሁን ዘመኑን ስድስት ወር ወደፊት እንግፋው። ጥር ላይ እህሉ ተወቅቷል፤ ጭዱ ተከምሯል፤ በእስቴ የጤፍ ጭድ፣ በጉና ግርጌ የገብስ ጭድ፣ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው የታች ጋይንትና የስማዳ ቆላ ደግሞ የማሽላ አገዳ ሞልቷል። ሣሩ ከመስቀል በኋላ ታጭዶ ደርቋል። በሬው ከቀንበር ወጥቷል፤ ሰውም እንዲሁ። ከልደት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርጉ የሚደገሠው፣ ጎጆ ወጪዎች ከወላጅ ቤት የሚለዩት በዚህ ወቅት ነው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይታሠራል፤ በደቦ ወይም በወንፈል የተጠራው ሰው ጭቃውን በእግሩ ረግጦ ይመርጋል። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ይደርቃል። በልግ የሚጥልበት የጉና ቀዝቃዛ ወገን ብቻ ትንሽ ቸኮል ይላል። የዚህ አገር ሰው የቤት ሥራን ከበጋ ጋር ያጣመረው በልማድ ብቻ አይደለም፤ ጭቃው፣ ጭዱ፣ ጉልበቱና እህሉ አንድ ላይ የሚገናኙበት ሌላ ጊዜ ስለሌለ ነው።

ታዲያ እድሳቱ ለምን ክረምት ላይ ዋለ? ተማሪው ዕረፍት ላይ ስለሆነ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በጎ ፈቃድም በአገራችን የክረምት ሥራ ሆኖ ስለተለመደ ነው። ሦስቱም ምክንያቶች የረጂው ናቸው። በከተማ፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ለሚሠራ ቤት ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ለጭቃ ቤት ግን ወር ማለት ግማሹ ሥራ ነው።

የገጠር ቤት ወጪ ከከተማው የሚለይበትን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በላይ ጋይንት ከተማ በነፋስ መውጫ ዙሪያ ባለ ቀበሌ ጎጆ የሚያቆም ገበሬ እንጨቱን ከራሱ የባሕር ዛፍ ተክል ይቆርጣል፤ ከሌለውም ከጎረቤት በብድር ያገኛል። ድንጋይ ከማሳው ጥግ ይለቀማል። ጭቃና ጭድ አይገዛም። ጉልበቱ የዘመድ ነው። ከገበያ በጥሬ ገንዘብ የሚመጣው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የበር ብረት ብቻ ነው። ሣር ክዳን ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የግጦሽ መሬት ወደ እርሻ እየተለወጠ ሲሄድ ለክዳን የሚሆን ሣር ራሱ ብርቅ ሆኗል፤ የተገኘውም በየጥቂት ዓመቱ መቀየር ይፈልጋል። ስለዚህ ደሀው ሣሩም አጥሮት፣ ቆርቆሮውም ውድ ሆኖበት መሀል ላይ ተይዟል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቆርቆሮው ወይም የሚሠራበት ጥቅል ብረት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ ይህ ለውጥ እስከ ወረዳ ከተሞቹ ወገዳና አርብ ገበያ ድረስ በቆርቆሮ ዋጋ ላይ ደርሷል።

ጭቃ ቤት የሚሞተው ከአናቱ ነው። ክዳኑ ማፍሰስ ሲጀምር ውኃው በወጋግራው በኩል ይወርዳል፤ ምርጊቱ ይላላል፤ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ በሁለት ክረምት ቤቱ ይዘማል። ክዳኑ በጊዜ ቢጠገን ግድግዳው ለዓመታት ይቆም ነበር። የእድሳት ዜናው ግን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከማፍረስ ነው፤ መሠረት ሲጣል ፎቶ ያምራል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ግን ለካሜራ አይመችም። ጥገና ርካሽ ስለሆነ ከዕቅዱ ቀርቶ፣ መልሶ መሥራት ውድ ስለሆነ ለጥቂቶች ብቻ ደርሶ ዘመቻው ያልፋል። ይህን የምለው በጎ ፈቃደኞችን ለመውቀስ አይደለም። በእነርሱ ጉልበት የተሠራ ቤት ከዝናብ ያዳናት አሮጊት አለች፤ ይበቃቸዋል።

መንግሥት በኢትዮጵያ ለቤት ገንዘብ ያላወጣ እንዳይመስለን። አውጥቷል፤ ብዙም አውጥቷል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ አነስተኛ ኪራዮችን ቀነሰ፤ ለመኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ደነገገ። የቁጠባና ሞርጌጅ ተቋማት ተዋሕደው የቤትና ቁጠባ ባንክ ሆኑ፤ በማኅበር ለተደራጁ ቤት ሠሪዎች በዝቅተኛ ወለድ ያበድር ነበር። ኋላ ባንኩ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይለወጥ የቆየው የቀበሌ ቤት ደግሞ መጠገኛ ገንዘብ አጥቶ አረጀ። ዛሬ በከተሞቻችን መሀል የምናየው ፈራሽ ሰፈር ብዙው የዚያ የኪራይ ውሳኔ ልጅ ነው።

ከዚያ የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) መጣ። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ። 20/80፣ 10/90፣ 40/60 የሚሉት የቅድሚያ ክፍያና የብድር ድርሻ ቁጥሮች የቤተሰብ ቋንቋ ሆኑ፤ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ25,791 ቤቶች ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ሲሰረዝ አገር ያወራው ስለዚያ ነበር። ድጎማው እውነተኛ ነበር፤ መሬቱ፣ መንገዱ፣ የውኃና የመብራት መስመሩ፣ የባንኩ ቦንድ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ግን ማን ነው የደረሰው? የቅድሚያ ክፍያውን መቆጠብ የሚችል፣ ደመወዝ ያለው፣ ከተማ የሚኖር ሰው። መርሐ ግብሩ በክልል ከተሞችም ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የነዋሪው የመክፈል አቅም ስላነሰና የጋራ ሕንፃ ኑሮም በትናንሽ ከተሞች ብዙ ስላልተወደደ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በቀር ተገታ። እንደ ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳና ጃራ ገዶ ላሉ የወረዳ ከተሞች የቀረው የሊዝ ጨረታና የቤት ሥራ ማኅበር ነው። በማኅበር የሚደራጀው መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ በዝግ ሂሳብ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ዕድል ካለው ቦታ ያገኛል። ይህም ቢሆን ለደመወዝተኛ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ላይ ጋይንት ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ስማዳም ሳትከፋፈል ከዚያ ትበልጥ ነበር። ከዚህ ሕዝብ አብዛኛው ከከተማ ክልል ውጭ የሚኖር ገበሬ ነው። ለእርሱ «ቤት ለመግዛት የሚሰጥ ብድር» የሚባለው ነገር ትርጉም የለውም፤ ቤት የሚገዛ የለም፣ ቤት የሚሠራ ነው ያለው። ባንክ ብድር ሲሰጥ ቋሚ ገቢ፣ የተመዘገበ ሕንፃና የሚሸጥ ዋስትና ይጠይቃል። ገበሬው ገቢው በዓመት አንዴ ነው፤ ሕንፃው በየትም አልተመዘገበም፤ መሬቱን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም።

በዚህ በኩል ነገሮች ቀስ እያሉ ተቀይረዋል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ከባልና ሚስት ፎቶግራፍና ስም ጋር መሰጠት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በኋላ ደግሞ በብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ በተካሄደው መርሐ ግብር ማሳዎች በካርታ ተለክተው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ተሰጠ። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን ዋስትና አድርጎ መበደር ፈቀደ፤ የፌዴራሉም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይህንኑ አጸና። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ በዚህ ደብተር የሚሰጥ ብድር ለመሞከር ከቀደሙት ነው። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ደብተሩ የማሳውን ልክ እንጂ በላዩ ስለቆመው ቤት አይናገርም። የገጠር ብድርም የተሠራው ለበግ ማድለብና ለግብዓት፣ ምርት ሲደርስ እንዲመለስ ነው። ቤት አይወልድም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፍለው ነገር የለውም። ለማድለብ ተበድሮ በገንዘቡ ቆርቆሮ የገዛ፣ ከዚያ ዕዳውን ለመክፈል በሬ የሸጠ ገበሬ በዚህ አገር ብርቅ አይደለም።

የመሬት ነገር ሲነሣ ወጣቱን መርሳት አይቻልም። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው ድልድል ወዲህ አዲስ መሬት የተከፋፈለበት ጊዜ የለም። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ያለው ከአባቱ የሚደርሰው ክፋይ ብቻ ነው። ሚስት አግብቶ ጎጆ ልውጣ ሲል በወላጆቹ ግቢ ጥግ አንዲት ክፍል ይቀጥላል፤ ወይም ወደ ወረዳው ከተማ ዳር ሄዶ ማንም ሳያይ በሌሊት ጨረቃ ቤት ያቆማል፤ ወይም አገር ጥሎ ይሄዳል። ቤት ማጣት በገጠር በአብዛኛው የሚታየው በዚህ መልክ ነው፤ ስለዚህም በምዝገባና በዕጣ ስታቲስቲክስ ውስጥ አይገባም።

አገር ጥሎ መሄድ ደግሞ ኦና ቤትን ያመጣል። ጋይንትና ስማዳ ለዚህ አዲስ አይደሉም። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ደርግ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ሕዝብ እያፈሰ ወደ መተከልና ወደ ሌሎች አካባቢዎች አሰፈረ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ደግሞ ምግብ ዋስትና ካልተረጋገጠባቸው ወረዳዎች የተነሡ ቤተሰቦች ወደ መተማ፣ ቋራና ጠገዴ ወረዱ። በዚህኛው ፕሮግራም ላይ አንድ ብልህ ድንጋጌ ነበረ፤ ሰፋሪው ሃሳቡን ቢቀይር እንዲመለስ በትውልድ ቀየው ያለው ይዞታ ለሦስት ዓመት አይነካም። መሬቱ በወረቀት ተጠበቀ፤ ቤቱን ግን ማን ይጠብቀዋል? ጭስ ያልገባበት ሣር ክዳን ቶሎ ይበሰብሳል፤ ነቀዝና ምስጥ ይሰለጥንበታል። የተመለሰ ሰው መሬቱን ቢያገኝም ቤቱ ፍርስራሽ ሆኖ ጠበቀው። መንግሥት የመሬት መብትን ሲጠብቅ የቤትን መቆም ለማንም ሳይሰጥ መተዉ ዛሬም ያልተሻረ ልማድ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ሌላ የኦና ምዕራፍ ጨመረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን በያዙባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከጥቂት ወራት በኋላ ባወጣው ዘገባ ዓለም ሁሉ አውቆታል። የተዘረፈውና የተሰበረው ቤት ግን የዜና ርእስ ለመሆን አልበቃም። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ለጦርነት ተጎጂ አካባቢዎች ያጸደቀው 300 ሚሊዮን ዶላር ዋና ትኩረቱ የትምህርት፣ የጤናና የውኃ አገልግሎትን መመለስና ለጥቃት ሰለባዎች ድጋፍ መስጠት ነበር፤ ይህ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። የግል ቤት ግን ለባለቤቱና ለዘመዱ ተተወ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ከወረታ ወደ ወልዲያ ከሚያልፈው የቻይና መንገድ ወጣ ብሎ የሚገኝን ቀበሌ መድረስን ራሱን ከባድ አድርጎታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ቤት ድጎማ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከብጥብጥ በኋላ ሰው መጀመሪያ የሚመለስበት ቤቱ ነውና ዕቅዱ አሁን መነደፍ አለበት ባይ ነኝ።

ባዶ ቤትን ማደስ በሌላው ዓለምም የመንግሥት ሥራ ሆኗል። ጃፓን በ2023 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ጥናት ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ባዶ ቤቶች ቆጥራለች። ሳምቡካን የመሳሰሉ የኢጣሊያ መንደሮች ኦና ቤቶቻቸውን በአንድ ዩሮ ለሽያጭ አቅርበው ገዢው በተወሰነ ዓመት ውስጥ እንዲያድስ አስገደዱ። አየርላንድ ባዶ ቤት ለሚያድስ እስከ 50 ሺህ፣ ፍርስራሽ ለሆነው እስከ 70 ሺህ ዩሮ ትሰጣለች። የአየርላንዱ ግን አንድ ሳንካ ነበረበት፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ሥራው አልቆ ከታየ በኋላ ነበር። አስቀድሞ የሚያወጣው ገንዘብ የሌለው ሰው በሩ ላይ ይቀራል። እኛ ለሰዎቹ ገንዘብ ሳይሆን ለዚህ ስሕተታቸው ትኩረት እንስጥ፤ በጋይንት አስቀድሞ የሚያወጣ ደሀ የለም።

የሚቀርበን የሕንድ ምሳሌ ነው። ሕንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገጠር ደሀ ቤት ለመሥራት በሜዳማ አካባቢ 120 ሺህ፣ በተራራማ አካባቢ 130 ሺህ ሩፒ ትሰጣለች፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፣ መሠረት ሲቆም፣ ጣሪያ ሲደርስ እየተባለ በየደረጃው ወደ ባለቤቱ የባንክ ሂሳብ ይገባል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ ባለቤቱ የራሱን ቤት በሚሠራበት ጊዜ ለ90 ወይም ለ95 ቀን በገጠር የሥራ ዋስትና ሕጋቸው መሠረት የቀን ደመወዝ ያገኛል። የቤት ድጎማና የሴፍቲኔት ሥራ አንድ ላይ ተጋብተዋል ማለት ነው።

እኛም ሴፍቲኔት አለን። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከደቡብ ጎንደር ቀድመው ከገቡት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ተጠቃሚው ለስድስት ወር በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራል፤ እርከን ይሠራል፣ ጎርፍ መከላከያ ይክባል፣ መንገድ ይጠርጋል። ስድስቱ ወሮች መቼ ናቸው? ከጥር እስከ ሰኔ። ጭቃው የሚደርቅበት፣ ጭዱ የተከመረበት፣ ቤት የሚሠራበት በጋ ላይ። የፕሮግራሙ መመሪያ ደግሞ በአብዛኛው የወል ሥራን የሚያዝ ቢሆንም፣ ጉልበት ለሌላቸው ሴት እማወራዎች በግል ማሳቸው ላይ ሥራ እንዲሠራላቸው ይፈቅዳል። ማሳዋ ላይ እርከን የሚሠራላት መበለት ጣሪያዋ ላይ ሰው የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። መመሪያው ለማሳ የከፈተውን በር ለቤት ማስፋት የሚጠይቀው አንድ አንቀጽ ነው።

ይህ ከሆነ የሚቀረው ቆርቆሮና ሚስማር ነው። የክልሉ መንግሥት ለክረምቱ ዘመቻ የሚያስተባብረውን ገንዘብና ቁሳቁስ ወደ ጥር ቢያዞረው፣ ለሚገባቸው ቤቶች የክዳን ቆርቆሮ በታኅሣሥ መጨረሻ በየወረዳው መጋዘን ቢደርስ፣ ከጥር ጀምሮ የሴፍቲኔት ጉልበት ለአረጋዊና ለአቅመ ደካማ ቤት የተወሰኑ ቀናት ቢመደብለት፣ ያለ አንዲት ካሜራ ብዙ ቤት ይድናል። ማፍረስ የሚያስፈልገው የፈረሰውን ብቻ ነው፤ የሚያፈሰውን ቀድሞ ማቆም ይቻላል። ጉልበት ያላቸው ጎጆ ወጪዎች ነጻ ቆርቆሮ አይፈልጉም፤ በሁለት ምርት የሚመለስ፣ በአንድ ምርት ካልተሳካ የሚራዘም የቆርቆሮ ብድር ይበቃቸዋል። ጸደይ ባንክ የማሳ ደብተሩን ይዞ ይህን ዓይነት ብድር ለመሥራት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነው፤ የገበሬውን ጠባይ ከአብቁተ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል።

ሰጪና ተቀባይ ባለበት ሁሉ አድልዎ አይቀርም፤ ቀበሌው ዘመዱን ይመዘግባል፤ ቆርቆሮው ከመጋዘን ወደ ገበያ ይወጣል ይባላል። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው፤ ነገር ግን ሴፍቲኔት የተጠቃሚ ምልመላን በማኅበረሰብ ስብሰባ የሚያካሂድ፣ ስም ዝርዝሩን የሚለጥፍ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያለው ሥርዓት ነው። ፍጹም አይደለም፤ ከበጎ ፈቃድ ዘመቻው ምልመላ ግን ይሻላል፤ በዘመቻው ማን እንደተመረጠና ለምን እንደተመረጠ ብዙ ጊዜ ጎረቤት እንኳን አያውቅም። ሌላው ማስጠንቀቂያ ከሩዋንዳ ይመጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ ሩዋንዳ ሣር ክዳን ጎጆን ከአገሪቱ ለማጥፋት ዘመቻ ከፍታ ቆርቆሮ አደለች፤ ቆርቆሮው ሳይደርስ ጎጆአቸው የፈረሰባቸው፣ በተለይ የባትዋ ማኅበረሰብ አባላት፣ በዝናብ ሜዳ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ደንቡ አንድ ይሁን፦ ቆርቆሮው በደጅ ሳይከመር ክዳን አይነሣ።

ቆርቆሮ ራሱ እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። የጉናን ውርጭ የሚያውቅ ሣር ክዳን ጎጆ ሙቀቱን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል፤ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ጩኸት እንቅልፍ አያስወስድም። ግን ሣሩ ከየት ይመጣል? ሣር የተረፈበት አካባቢ ሣር ይክደን፤ ድጎማው በክዳን ይሁን እንጂ በቆርቆሮ ብቻ አይታሰር። ይህን የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

የበጀት ክርክሩን አውቀዋለሁ። ክልሉ በጦርነት ወጪ ደክሟል፤ ወረዳዎቹ ደመወዝ ከፍለው የሚተርፋቸው ጥቂት ነው። ይሁንና ከላይ የተባለው አዲስ ቤት የመገንባት ፕሮግራም አይደለም። ገንዘቡ ዛሬም በክረምት እየወጣ ነው፤ በሐምሌ የተመረገው ግድግዳ ሲሰነጠቅ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይወጣል። ጉልበቱም በሴፍቲኔት በኩል ይከፈላል። የሚጠየቀው ወሩን መቀየር፣ አንድ መመሪያ ማስተካከልና አንድ የብድር ዓይነት መጨመር ነው።

የክልሉ ምክር ቤት በጀት የሚያጸድቀው በሐምሌ ነው። የደቡብ ጎንደር ተወካዮች በዚያ ስብሰባ ላይ ለአረጋዊ ቤት እድሳት የተያዘው ገንዘብ በየትኛው ወር እንደሚወጣ ይጠይቁ። መልሱ «በክረምት» ከሆነ አይቀበሉት፤ የክልሉ የምግብ ዋስትና መሥሪያ ቤትም ከሚቀጥለው ጥር በፊት የሴፍቲኔት መመሪያው ለአቅመ ደካማ ቤት ጥገና እንዲፈቅድ ለፌዴራል መንግሥት ጥያቄ ያቅርብ።